ጤነኛ ነኝ፤ ታዲያ ለምን ከበረራ ታገድኩ? የውትድርና አብራሪዎች ጥያቄዎችና የበረራ ሐኪም መልሶች

በዚህ ዕትም የውትድርና አብራሪዎች፣ የአብራሪነት ሥልጠና አመልካቾችና ቤተሰቦቻቸው ስለ ጤናና ስለ በረራ ብቃት ከላኩልን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል። የጠያቂዎቹን ማንነት የሚጠቁሙ ዝርዝሮችን ከደብዳቤዎቹ አውጥተናል። መልሶቹ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የተጻፉ በመሆናቸው በአንድ ግለሰብ ጉዳይ ላይ ውሳኔ የሚሰጠው የሕክምና ማኅደሩን የያዘው የበረራ ሐኪም ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተዋጊ ጄት አብራሪ ነኝ። በዓመታዊ ምርመራ በግራ ኩላሊቴ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር የምታህል ጠጠር በመገኘቷ ከበረራ ታግጃለሁ። አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም፤ በሩጫም ሆነ ክብደት በማንሳት ከባልደረቦቼ አላንስም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁለት እግር የሌላቸው ሰዎች ተዋጊ አውሮፕላን ያበሩ እንደነበር ስላነበብኩ እገዳው ፍትሐዊ ሆኖ አልታየኝም። ለእነርሱ የተፈቀደው ለእኔ እንዴት ተከለከለ?

መልስ፦ ያነበቡት እውነት ነው። እንግሊዛዊው ዳግላስ ባደር በ1931 በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሁለት እግሮቹን አጥቶ ከአየር ኃይል ከተሰናበተ በኋላ በ1939 ተመልሶ በ1941 እስኪማረክ ድረስ ተዋግቷል። ሶቪየታዊው አሌክሴይ ማሬሲየቭም በ1942 ሁለት እግሮቹ ከተቆረጡ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ወደ ግንባር ተመልሷል። ጦርነቱ የፈጠረው የአብራሪ እጥረት በር እንደከፈተላቸው ባይካድም፣ በበረራ ሕክምና ዓይን ሲታይ የእነርሱ ጉዳት ከእርስዎ ጠጠር ይልቅ ለመፍረድ የሚቀል ነው። እግር የሌለው አብራሪ መሪውን በሰው ሠራሽ እግሩ መርገጥ መቻሉ አስቀድሞ መሬት ላይ ይፈተናል፤ የቻለ ሰው ነገም ይችላል። ጉዳቱ የታወቀ፣ የረጋና በድንገት የማይለወጥ ነው። የእርስዎ ጠጠር ግን ዛሬ ጸጥ ብላ ከኩላሊት ጥግ ብትቀመጥም፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት ተነቅላ ወደ ሽንት ቧንቧ እንደምትወርድ ማንም ሊነግርዎ አይችልም።

ሐኪሙ በምርመራው ላይ ራሱን የሚጠይቀው «ይህ ሰው ታሟል ወይስ አልታመመም?» ብሎ አይደለም። የሚያሳስቡት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ እክሉ በበረራ መካከል በድንገት አቅም ሊያሳጣው ይችላል? ሳይታወቀው ትኩረቱን ወይም ፍርዱን ቀስ በቀስ ሊሸረሽር ይችላል? ሙቀት፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የኦክስጅን ማነስና የስበት ጫና ሲደራረቡበት ሊባባስ ይችላል? ሊባባስ የሚችል ከሆነስ የመጀመሪያው ምልክት አደጋ ሳያስከትል የሚታይ ዓይነት ነው? ሕክምናው ርቆ በሚገኝ የጦር ሰፈር ሊቀጥል ይችላል? በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘን ስፖርተኛ መሆንዎ ብዙ አይረዳዎትም። የሽንት ቧንቧ ጠጠር የሚያስከትለው ሕመም ጠንካራውንም ሰው ወገቡን አጥፎ የሚያንከባልል ሲሆን፣ ብቻውን በሚያበር ሰው ላይ ቢነሳ መሪውን የሚቀበለው የለም። አብራሪነት ራሱ ደግሞ ለጠጠር የተመቸ ሥራ ነው። በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ በከባድ የበረራ ልብስ ያልባል፤ በረጅም በረራ ላይ መሽናት ስለሚያስቸግርም ብዙዎች ሆን ብለው ውኃ አይጠጡም።

ደግነቱ ይህ እክል ከበረራ ለዘለቄታው ከሚያስወግዱት ውስጥ አይደለም። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ጠጠሮች አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ይወጣሉ፤ የማይወጡትም ይወገዳሉ። ከዚያ በኋላ የሲቲ ስካን ምስል ኩላሊቱ ንጹሕ መሆኑን ካሳየና የደምና የ24 ሰዓት ሽንት ምርመራ ጠጠር የሚያፈራ የተለየ ምክንያት ካላገኘ፣ በብዙ አየር ኃይሎች ልዩ ፈቃድ ተሰጥቶ ወደ በረራ መመለስ የተለመደ ነው። እስከዚያው ምንም ሕመም የለብኝም እያሉ ከሐኪሙ ጋር ከመከራከር ይልቅ የ24 ሰዓቱ የሽንት ምርመራ እንዲጀመርልዎ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩን የሚያጓትተው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 39 ዓመት ነው። የደም ግፊቴ በተደጋጋሚ 150 በ95 አካባቢ በመገኘቱ አንድ የግል ሐኪም «ቤታ ብሎከር» ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱን አዘዘልኝ፤ ግፊቴም ወደ 125 በ80 ወረደ። የበረራ ሐኪማችን ግን መድኃኒቱን ካልቀየርኩ ተዋጊ አውሮፕላን እንደማላበር ነገረኝ። ግፊቴን ያስተካከለልኝ መድኃኒት እንዴት ከበረራ ያግደኛል?

መልስ፦ ሁለቱም ሐኪሞች ትክክል ናቸው። የግል ሐኪሙ ያከመው መሬት ላይ የሚኖረውን ሰው ነው፤ የበረራ ሐኪሙ የሚያስበው ግን አውሮፕላኑ በኃይል ሲታጠፍ በወንበሩ ላይ የሚሆነውን ነው።

ተቀምጠን ስናነብ ሰውነታችን የሚሸከመው የስበት ጫና 1 ጂ ይባላል። ዘመናዊ ተዋጊ ጄት በጠባብ መታጠፊያ 9 ጂ ሊደርስ ይችላል። ጭንቅላትዎና የራስ ቁርዎ አንድ ላይ 7 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ በዚያች ቅጽበት አንገትዎ 63 ኪሎ ግራም ይሸከማል። የአብራሪዎች የአንገትና የወገብ ሕመም ከዚህ የሚነሳ ሲሆን፣ ለብቻው ሌላ ዓምድ የሚያስፈልገው ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አንዘረዝረውም። ደሙም እንዲሁ ይከብዳል። ልብ ደምን ወደ አንጎል የሚገፋው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ይህ ሽቅብ በ1 ጂ ወደ 22 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጠጋ ግፊት ይበላል፤ በ5 ጂ ደግሞ 110 ገደማ። ከልብ የሚወጣው የላይኛው ግፊት 120 ከሆነ ለአንጎል ምን ያህል እንደሚተርፍ ራስዎ ያሰሉታል። በመጀመሪያ የሚጎዳው ዓይን ነው፤ ምክንያቱም የዓይን ኳስ የራሱ ውስጣዊ ግፊት ስላለው ደም እንዲገባበት ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። የመቆጣጠሪያ መብራቶቹ ቀለም ይገረጣል፣ እይታው ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ በቧንቧ ውስጥ የሚያዩ ያህል ይሆናል፣ ቀጥሎ ሁሉም ይጨልማል፤ ሰውየው ግን አሁንም ያስባል፣ ሬዲዮውንም ይሰማል። ጫናው ከዚያ ካለፈ ራሱን ይስታል። ጫናው በጣም በፍጥነት ከመጣ ደግሞ የዓይን ማስጠንቀቂያው ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ራሱን የሳተ አብራሪ ለ12 ሰከንድ ያህል ምንም አያውቅም፤ ከነቃ በኋላም ተቀራራቢ ለሆነ ጊዜ የት እንዳለ ግራ ገብቶት ይቆያል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በ25 ሰከንድ ውስጥ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

ሰውነት ለዚህ ያለው የራሱ መከላከያ በአንገት የደም ሥሮች ውስጥ ያሉ የግፊት መቆጣጠሪያዎች ናቸው። ግፊቱ ሲወድቅ በሰከንዶች ውስጥ ልብ እንዲፈጥንና በኃይል እንዲመታ፣ የደም ሥሮችም እንዲጠብቡ ያዛሉ። በላዩ ላይ እግርንና ሆድን የሚጨምቀው ልብስ ከ1 እስከ 1.5 ጂ ያህል ሲጨምር፣ በየሦስት ሰከንዱ ትንፋሽ እየቀየሩ የእግርንና የሆድን ጡንቻ የመወጠር ዘዴ ደግሞ በደንብ ሲሠራ ወደ 3 ጂ ይጨምራል። ቤታ ብሎከር ልብ እንዳይፈጥን ይይዘዋል። በሌላ አነጋገር እዚያ ወንበር ላይ ሕይወትዎን የሚያተርፈውን ምላሽ መርጦ የሚያዳክም መድኃኒት ነው። የደም ሥርን የሚያላሉት አልፋ ብሎከሮችም በተመሳሳይ ምክንያት ለተዋጊ አብራሪ አይመቹም።

እንደ ሊሲኖፕሪልና ሎሳርታን ያሉ መድኃኒቶች ግን ይህን ምላሽ ብዙም ስለማይነኩ፣ ከበረራ ውጪ ለተወሰነ ጊዜ ከተሞከሩና ግፊቱም ከረጋ በኋላ ሲፈቀዱ ይታያል። መድኃኒቱን ለመቀየር ሲሉ በራስዎ አያቋርጡ፤ ቤታ ብሎከርን በድንገት ማቆም የራሱ አደጋ አለው። አንድ ነገር ልጨምር። እንጀራው በምርመራው ውጤት ላይ የተንጠለጠለ ሰው የሐኪሙን ነጭ ጋውን ሲያይ ግፊቱ ቢጨምር አይገርምም፤ ስለዚህ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት በ24 ሰዓት መለኪያ ተረጋግጦ እንደነበር ይጠይቁ። አጭር ቁመትና ከፍ ያለ የደም ግፊት ያላቸው ሰዎች የስበትን ጫና በመጠኑ የተሻለ መቋቋማቸው እውነት ቢሆንም፣ ይህን ሰበብ አድርጎ ግፊትን ሳይታከሙ መተው በልብ፣ በኩላሊትና በዓይን ላይ መቆመር ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሄሊኮፕተር አብራሪ ነው። ጉንፋን ሲይዘው ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ መድኃኒት ገዝቶ ይውጥና ወደ ሥራው ይሄዳል። ስነግረው «ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ስለሚበር ጆሮን አይጎዳም» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እመቤት፣ ባለቤትዎ የተሳሳቱት ብዙ ሰው በሚሳሳትበት ቦታ ነው። የአየር ግፊት በፍጥነት የሚለዋወጠው ከላይ ሳይሆን ከመሬት አጠገብ ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ 300 ሜትር መውረድ ወደ 27 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጠጋ የግፊት ልዩነት ሲያመጣ፣ በ10,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ያው 300 ሜትር ከ10 ያነሰ ልዩነት ነው የሚያመጣው።

የመሐል ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ አየር ሲወጣበት በቀላሉ ይከፈታል፤ አየር እንዲገባበት ግን በመዋጥ ወይም በማዛጋት መከፈት አለበት። ስለዚህ ጉንፋን የያዘው አብራሪ ሲነሳ ደህና ሆኖ ሲወርድ ይታመማል። ልዩነቱ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ከደረሰ ቱቦው ተጣብቆ በጡንቻ ኃይል የማይከፈት ይሆናል፤ ይህም ጆሮን ሳያስተካክሉ 1,000 ሜትር ያህል መውረድ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሕመም፣ የታምቡር መድማት ወይም መቀደድ ሊከተል ይችላል። ከሕመሙ የሚብሰው አንዱ ጆሮ ተከፍቶ ሌላኛው ተዘግቶ ሲቀር የሚመጣው ድንገተኛ የማዞር ስሜት ነው። በሌሊት ወይም በአቧራ ውስጥ ለማረፍ የሚሞክር የሄሊኮፕተር አብራሪ ዓለም ሲዞርበት መሬቱ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው የሚርቀው።

ስለ መድኃኒቱም ቢሆን በብዙ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ያሉት እንደ ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን ያሉ ንጥረ ነገሮች እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ሰውየው ንቁ ነኝ በሚልበት ሰዓት እንኳ ምላሹን ያዘገያሉ። የበረራ ሐኪም ጉንፋን የያዘውን አብራሪ ለመፍቀድ የሚያደርገው ምርመራ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በጆሮ መመልከቻው ታምቡሩን እያየ አብራሪው አፍንጫውን ይዞ ቀስ ብሎ እንዲነፋ ያደርጋል፤ ይህ ዘዴ ከ300 ዓመት በፊት በኖረው ጣሊያናዊ ሐኪም በአንቶኒዮ ቫልሳልቫ ስም ይጠራል። ዕንቁ የመሰለው ስስ ታምቡር ወደ ውጪ ገፋ ሲል ከታየ ቱቦው ክፍት ነው፤ ካልተነቃነቀ አብራሪው ጥቂት ቀናት ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ላለፉት ስምንት ወራት በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ኃይለኛ ራስ ምታት ይይዘኛል። ከከተማ ወጣ ብዬ አንድ ክሊኒክ የታየሁ ሲሆን «ማይግሬን ሊሆን ይችላል» ተብዬ የማስታገሻ ክኒን ተሰጠኝ። ለበረራ ሐኪሙ ከነገርኩት ሥራዬ ያበቃል ብዬ እፈራለሁ። ታላላቆቹ አብራሪዎችስ ሕመማቸውን ደብቀው አልነበረም ታሪክ የሠሩት?

መልስ፦ የመጨረሻውን ጥያቄዎን ሳነብ ያሰቡት ቸክ ይገርን እንደሆነ ገመትኩ። ይገር በጥቅምት 14 ቀን 1947 ከድምፅ ፍጥነት በላይ በመብረር የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ ከሁለት ቀን በፊት ከፈረስ ወድቆ ሁለት የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረው ነበር። ለጦሩ ሐኪሞች አልተናገረም። ክንዱን አንሥቶ የአውሮፕላኑን በር መዝጋት ስላልቻለ የሥራ ባልደረባው ጃክ ሪድሊ ከመጥረጊያ እንጨት ቆርጦ እንደ ማንሻ እንዲጠቀምበት ሰጠው። ታሪኩ ማራኪ ነው፤ ለወጣት አብራሪዎች ሲነገር ግን ደስ አይለኝም። የጎድን አጥንት ስብራት ያማል እንጂ ማየትና ማሰብ አይከለክልም፤ ሰውየውም ምን እንደሆነበት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ማይግሬን ከሆነ የእርስዎ ነገር ከዚህ ጋር አይመሳሰልም። ከማይግሬን ጋር የሚመጣው የእይታ መዛባት በተለምዶ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል፤ የሚያብረቀርቅ ዚግዛግ መስመር ወይም በእይታ መካከል የሚሰፋ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። በአንድ አፍታ የሚያልፍ አይደለም። ማይግሬንን የሚቀሰቅሱት የእንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ሰዓት መዛባት፣ የውኃ ጥማትና ኃይለኛ ብርሃን ደግሞ የአንድ አብራሪ የዘወትር ሥራ ናቸው።

ይሁን እንጂ እስካሁን «ሊሆን ይችላል» ከሚል ቃል በቀር የያዙት ነገር የለም። የአብራሪዎች ራስ ምታት ብዙ ምንጭ አለው። በልኩ ያልተገጠመ የራስ ቁር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተጭኖ ያሳምማል። በጨለማ ለማየት የሚደረገው የሌሊት መነጽር ክብደት የአንገትን ጡንቻ ወጥሮ ሕመሙን ወደ ኋላ ጭንቅላት ያሰራጫል። የሳይነስ እብጠት፣ መነጽር የሚያስፈልገው ዓይን፣ ቡና በድንገት ማቆም ሁሉ ራስ ያሳምማሉ። እነዚህ ከበረራ ለዘለቄታው የሚያስወጡ አይደሉም። የሕመሙን ቀን፣ ሰዓት፣ ከምን በኋላ እንደጀመረና ዓይንዎ ላይ ለውጥ እንደነበር ጽፈው ለበረራ ሐኪሙ ቢያቀርቡ፣ ምናልባት ስምንት ወር ሙሉ የፈሩት ነገር የራስ ቁር ማስተካከል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የነርቭ ሐኪም አይቶ ማይግሬን ነው ካለ ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ፤ በተለይ የእይታ መዛባት ያለበት ከሆነ በብቸኛ መቀመጫ ተዋጊ ጄት ላይ መቆየት አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛ አብራሪ ባለበት አውሮፕላን ላይ ግን እንደ ክብደቱ ልዩ ፈቃድ ያገኙ ሰዎች አሉ።

ፍርሃትዎን አላቃልልም። ከበረራ መታገድ ቅጣት እንዳልሆነ በየመመሪያው ቢጻፍም አበል ይቀንሳል፣ እድገት ይዘገያል፣ የጓድ ዓይንም ይለወጣል። የበረራ ሐኪሙም ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ለአዛዡም ተጠሪ ስለሆነ ምሥጢርዎን ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል ብዬ አላታልልዎትም። መመሪያዎቹ ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ ማለትም አልችልም። የአሜሪካ የአየር ኃይል አካዳሚ ሲክል ሴል የሚባለውን በዘር የሚተላለፍ የቀይ ደም ሕዋስ እክል ባሕርይ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ ጤነኛ ወጣቶችን እስከ 1981 ድረስ አይቀበልም ነበር፤ ይህም የጎዳው በአብዛኛው ጥቁር አመልካቾችን ነው። እገዳው የተነሣው ግን ጉዳዩ በግልጽ ወጥቶ ክርክር ስለተደረገበት እንጂ ሰዎች ስለደበቁ አይደለም።

እውነቱን ተናግረው የተመለሱ ሰዎች ታሪክ ከይገር ታሪክ ባልተናነሰ ሊነገር የሚገባው ነው። የባሕር ኃይል አብራሪ የነበረውና በ1961 ወደ ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው አሜሪካዊ አለን ሼፐርድ፣ ሜኒየር በሚባል የውስጥ ጆሮ በሽታ እያዞረውና እያስታወከው ለዓመታት ከበረራ ታግዶ ቆየ። በውስጥ ጆሮው የሚጠራቀመውን ፈሳሽ የሚያፈስ ቀጭን ቱቦ በቀዶ ሕክምና ከተገባለት በኋላ በ1969 ተፈቅዶለት በ1971 ጨረቃ ላይ ተራመደ። የአየር ኃይሉ ዲክ ስሌይተን ደግሞ በ1962 በልብ ምት መዛባት ምክንያት ታግዶ በ1972 ፈቃዱ ሲመለስለት፣ ወደ ጠፈር የወጣው በ1975 በ51 ዓመት ዕድሜው ነበር። አሥር ዓመት መጠበቅ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ሁለቱም ግን በታገዱባቸው ዓመታት ከሥራው ዓለም አልወጡም፤ ሌሎች ጠፈርተኞችን ይመሩ ነበር።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ያድርጉ። ከክሊኒኩ የተሰጠዎት ክኒን ስሙ ምን እንደሆነ ለሐኪሙ እስኪያሳዩ ድረስ እርሱን ወስደው አይብረሩ።

ጥያቄ፦ ለአብራሪነት ሥልጠና ላመለክት ነው። የሩቅ እይታ ችግር ስላለብኝ መነጽር አደርጋለሁ። በሌዘር መታረም ይጠቅመኛል ወይስ ያስወድቀኛል? ቀይና አረንጓዴ ቀለም የመለየት መጠነኛ ችግር ያለበት ወንድሜስ ልዩ መነጽር አድርጎ ፈተናውን ማለፍ ይችላል?

መልስ፦ ለወንድምዎ አጭሩ መልስ አይችልም የሚል ነው። ቀለም የሚያጣሩ መነጽሮችና ሌንሶች አንዱን ቀለም ከሌላው እንዲያጎሉ እንጂ የጎደለውን የዓይን ሕዋስ ስለማይተኩ በውትድርና ፈተና ተቀባይነት የላቸውም። የማረፊያ አቅጣጫ መብራቶች በቀይና በነጭ የሚናገሩ፣ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳዎችም አደጋን በቀለም የሚለዩ በመሆናቸው ጉዳዩ ከወግ ያለፈ ነው። ነገር ግን በነጠብጣብ የተሠሩት የኢሺሃራ ሥዕሎች ለመለየት እንጂ የችግሩን መጠን ለመለካት ብዙም አይጠቅሙም፤ መጠኑን የሚለካ የኮምፒዩተር ፈተና ካለ እንዲደረግለት ይጠይቅ።

ስለ ሌዘሩ፣ መልሱ የሚወሰነው በዓይነቱ ነው። ፒአርኬ የሚባለው የዓይኑን መስተዋት ገጽ በቀጥታ ያስተካክላል። ላሲክ ደግሞ በመጀመሪያ ስስ ክዳን ቆርጦ ያነሣና ከሥሩ ካስተካከለ በኋላ ይመልሰዋል። ክዳኑ በአስፈንጣሪ ወንበር በሚወጡበት ጊዜ በሚመጣው የንፋስ ምት ይነሣል ተብሎ ይፈራ ስለነበር ብዙ አየር ኃይሎች ለረጅም ጊዜ አልተቀበሉትም፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ክልከላውን ያነሣው በ2007 ነው። ፈጽሞ ሊያደርጉት የማይገባው፣ በምላጭ እንደ መንኮራኩር ጨረር የሚቆረጠውን የቆየ ቀዶ ሕክምና ነው። ኦክስጅን ባነሰበት ከፍታ ላይ የተቆረጠው መስተዋት ቅርጹን ስለሚለውጥ እይታ ይደበዝዛል። አሜሪካዊው ተራራ ወጪ ቤክ ዌዘርስ ይህን ሕክምና አድርጎ በ1996 ኤቨረስት ላይ ዓይኑ ማየት አቁሞበት ነበር።

ሌዘሩን ከማድረግዎ በፊት የሚያመለክቱበትን ተቋም መመሪያ ያንብቡ፤ አንዳንዱ አንዱን ዓይነት ብቻ ይቀበላል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተወሰኑ ወራት እንዲያልፉ ይጠይቃል። የመነጽር ቁጥርዎ ከሕክምናው በፊት ስንት እንደነበር የሚያሳይ የተፈረመበት ሰነድም ከሐኪሙ ይቀበሉ። ሌዘሩ ከተሠራ በኋላ የቀድሞውን ቁጥር ከዓይንዎ ላይ ለክቶ ማወቅ ስለማይቻል፣ ይህ ወረቀት ሳይኖራቸው ቀርቶ ማመልከቻቸው የሚመለስባቸው አሉ።